ከጎረቤት ግድግዳ ሥር የሚሸሽ አሸዋ፦ ስለ ሲሊኬት ግራውት የተካሄደ ውይይት

ጥያቄውን ያነሳሁት እኔ ነበርኩ። ሐዋሳ ውስጥ፣ ከሐይቁ ዳርቻ ብዙም በማይርቅ ቦታ፣ ለአንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ የምድር ቤት ስንቆፍር 2.6 ሜትር ላይ ውሃ አገኘን፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ የቁፋሮው አንዱ ጎን አልቆም አለ። አሸዋው ከተቀደደ ጆንያ እንደሚፈስ ጤፍ ከሥር ከሥሩ እየተንሸራተተ ይወርዳል። ከጉድጓዱ አፍ አንድ ሜትር ከሃያ በማይሞላ ርቀት ደግሞ የአንዲት አዛውንት ጎረቤታችን መኖሪያ ቤት አለ፤ መሠረቱ የድንጋይ ግንብ ሲሆን ጥልቀቱ አንድ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በሦስተኛው ቀን በግድግዳው ልስን ላይ የአሥር ሳንቲም ውፍረት የሚያህል ስንጥቅ ታየ። ያን ዕለት ማታ ሥራውን አስቁሜ በአማርኛ ወደሚወያይ አንድ የመሐንዲሶች መድረክ ሄድኩና፣ አሸዋማ መሬትን በሶዲየም ሲሊኬት ማለትም ብዙዎች ፈሳሽ ብርጭቆ በሚሉት ኬሚካል ማጠንከር የሠራ ሰው ካለ ልምዱን እንዲያካፍለኝ ጠየቅሁ፤ መሬት ውስጥ ተገፍቶ ገብቶ የሚረጋ እንዲህ ያለ ፈሳሽ ግራውት ይባላል። በጥያቄዬ ውስጥ፣ ሲሚንቶ የማይገባበትን አሸዋ ሁሉ ሲሊኬት ይገባበታል የሚል አባባል ጨምሬ ነበር። ይህ አባባሌ ስህተት እንደነበር የተማርኩት ከተከተሉት ሠላሳ አንድ ምላሾች ነው። ከዚህ በታች የማቀርበው እነዚያ ምላሾች ምን እንዳሉ፣ እኔም ከየትኛው ምን እንዳገኘሁ ነው።

1ኛው ምላሽ አጭርና ጨዋ ነበር። ጸሐፊው ከሰላምታ በኋላ ሦስት ነገሮችን ብቻ ጠየቁኝ፦ የቅንጣቶቹን መጠን የሚያሳየው የአሸዋው የወንፊት ውጤት የት አለ፣ የውሃው ከፍታ በክረምትና በበጋ ስንት ይሆናል፣ እንዲጠነክር የምፈልገው ለቁፋሮው ወራት ብቻ ነው ወይስ ለሕንፃው ዕድሜ ሙሉ? በእጄ የነበረው የአፈር ምርመራ ሪፖርት ያንን ንብርብር ልቅ ቡናማ አሸዋ ብሎ ከመሰየም ያለፈ አልነበረም። የወንፊት ምርመራ የተሠራው ለሌላ ጥልቀት ነበር። ይህንን ጉድለት ስናገር 2ኛው መላሽ ነገሩን አታወሳስበው በሚል መንፈስ፣ ሲሚንቶና ውሃ ቀጥኖ ተበጥብጦ በቧንቧ ቢገፋ እንደሚበቃ፣ እርሳቸውም በአንድ የድንጋይ መሠረት ሥር ይህንኑ ሠርተው እንደተሳካላቸው ጻፉ።

3ኛው ምላሽ ያንን ለማረም የመጣ ነበር፤ በመድረኩ ላይ ካነበብኳቸው ማብራሪያዎች ሁሉ እጅግ የጠራው እርሱ ይመስለኛል። ሲሚንቶ ፈሳሽ ሳይሆን በውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ደቃቅ ጠጣር ስለሆነ ወደ አሸዋ የሚገባው በቅንጣቶቹ መካከል የሚያልፍበት በር ካገኘ ብቻ ነው። የቆየው የልምድ ልክ እንዲህ ነው፦ ከአሸዋው 15 በመቶው የሚያልፍበት የቅንጣት መጠን፣ ከሲሚንቶው 85 በመቶው ከሚያልፍበት መጠን 24 ጊዜ ከበለጠ ሲሚንቶው ይገባል፤ ከ11 ጊዜ ካነሰ አይገባም። የተለመደው ሲሚንቶ ቁጥር 0.05 ሚሊ ሜትር አካባቢ ቢሆን፣ የአሸዋው ቁጥር ቢያንስ 1.2 ሚሊ ሜትር መሆን ነበረበት ማለት ነው። የሐይቅ ዳር አሸዋ የዚህን አንድ አሥረኛ ያህል ነው። በድንጋይ ግንብ ሥር ያለ ክፍተትና በጥሩ አሸዋ መካከል ያለ ክፍተት አንድ ስላልሆኑ የ2ኛው መላሽ ልምድ እውነት ቢሆንም ለዚህ ጉዳይ እንደማይሠራ በትሕትና አስረዱ። 2ኛው መላሽም ቆይተው አመሰገኑ።

4ኛው ምላሽ የመጣው ራሳቸውን በጡረታ ላይ ያሉ መሐንዲስ ብለው ካስተዋወቁ አባት ነበር፤ ሁላችንም ከዚያ በኋላ ጋሼ እያልን ነው የጻፍንላቸው። የዘዴውን ታሪክ ከሥሩ አነሱ። ሁጎ ዮስተን እ.ኤ.አ. በ1925 ያወጣው አሠራር ሁለት ምት ነበር፤ በመጀመሪያ ሶዲየም ሲሊኬት ወደ አሸዋው ይገፋል፣ ቀጥሎ በዚያው ቦታ ካልሲየም ክሎራይድ ይከተለዋል፣ ሁለቱ በተገናኙበት ቅጽበት ጄል፣ ማለትም እንደ እርጎ የረጋ ነገር ይሆናሉ። የሚገኘው ጥንካሬ ከፍተኛ ነው፤ ሁለቱ ፈሳሾች ግን መሬት ውስጥ በሚገባ ካልተገናኙ ያልታከመ ኪስ ይቀራል፣ ቧንቧዎቹም እጅግ ተቀራርበው መተከል አለባቸው። ስለዚህ ከጊዜ በኋላ ሲሊኬቱና ማርጊያው፣ ማለትም እንዲረጋ የሚያደርገው ኬሚካል፣ ከላይ ተቀላቅለው አብረው የሚገቡበት የአንድ ምት አሠራር ቦታውን ያዘ። በዚህኛው ወሳኙ የመርጊያ ጊዜ ነው። ወተቱ ድስት ውስጥ ሳይገባ ከረጋ፣ ወይም ከገባ በኋላ ሳይረጋ ከፈሰሰ እርጎ እንደማይገኝ ሁሉ፣ ቅልቅሉም በፓምፑ ውስጥ ቢረጋ ወይም መሬት ውስጥ ገብቶ ሳይረጋ በውሃው ቢወሰድ ሥራው ከንቱ ነው። ጋሼ በአባይ ላይ ከአስዋን ከፍተኛ ግድብ ሥር ያለው የደለልና የአሸዋ ክምር ከ200 ሜትር በላይ እንደሚወርድ አስታውሰው፣ ውሃ እንዳያሳልፍ የተሠራው ጥልቅ መጋረጃ የግራውት ሥራ መሆኑን ጨመሩ።

5ኛውና 6ኛው ምላሾች ምስጋናና ኬሚካሉ የት ይገኛል የሚል ጥያቄ ነበሩ። 7ኛው መላሽ ሶዲየም ሲሊኬት እንግዳ ነገር እንዳልሆነ፣ ሳሙና አምራቾችና የካርቶን ፋብሪካዎች በበርሜል እንደሚገዙት አስረዱ። ከዚህ ተነስቶ ውይይቱ ትንሽ ወደ ጎን ሄደ፤ እኔ ግን አልቆጨኝም። 8ኛው መላሽ በብረት ማቅለጫ ቤት ለብዙ ዓመታት የሠሩ ባለሙያ ናቸው። የብረት መቅረጫ ሻጋታ ሲሠሩ ደረቅ አሸዋን በጥቂት ሲሊኬት አሽተው፣ በሻጋታው ላይ ጠቅጥቀው፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ እንደሚነፉበትና አሸዋው በሰከንዶች ውስጥ በጥፍር የማይጫር ድንጋይ እንደሚሆን ገለጹ። ሞቅ ባለ ስሜት፣ ይህንኑ መሬት ላይ ማድረግ ለምን አይቻልም ሲሉ ጠየቁ።

9ኛው መላሽ ሳያዋርዱ፣ ግን በቀጥታ መለሱላቸው። ሻጋታው ደረቅ ነው፣ እያንዳንዷ ቅንጣት በእጅ ታሽታ ተቀብታለች፣ ዕድሜውም ብረቱ እስኪፈስበት ድረስ ብቻ ነው፤ ያንኑ ሻጋታ ውሃ ውስጥ ቢዘፈዝፉት ይለሰልሳል። ከውሃ በታች ያለ አሸዋ ግን ባዶ ቦታው ሁሉ አስቀድሞ በውሃ የተያዘ ስለሆነ ግራውቱ ያንን ውሃ ገፍቶ አስወጥቶ መተካት አለበት። ማቅለጫ ቤት ያዩት ጥንካሬ መሬት ውስጥ ይጠብቀኛል ማለት አይቻልም። በሲሊኬት የታከመ አሸዋ ያለ ዙሪያ ድጋፍ ሲጨመቅ በላቦራቶሪ የሚያሳየው ጥንካሬ ከ0.3 እስከ 3 ሜጋ ፓስካል ባለው ክልል ይዋዥቃል፤ ጭነቱ ለረጅም ጊዜ ከቆየበት ደግሞ ቀስ በቀስ ቅርጹን እየለቀቀ ስለሚሄድ ለንድፍ የሚወሰደው ከዚያ በብዙ ያነሰ ነው።

እስከዚህ ድረስ ውይይቱ የተረጋጋ ነበር። 10ኛው ምላሽ ድምፁን ለወጠው። ጸሐፊዋ የሐዋሳ ልጅ መሆናቸውን ገልጸው፣ ሐይቁ በገጸ ምድር መውጫ ወንዝ እንደሌለው፣ ወደ መሬት የምናስገባው ሁሉ ዞሮ ዞሮ እዚያው እንደሚጠራቀም፣ መሐንዲሶች ግን ስለ ሊትርና ስለ ግፊት መለኪያው ባር ስንቆጥር ስለ ሰው የጉድጓድ ውሃ አንድ ቃል እንዳላነሳን በቁጣ ጻፉ። ቁጣቸው ተገቢ ነበር። በጥያቄዬ ውስጥ ስለ ውሃው አንድም መስመር አልጻፍኩም።

11ኛው መላሽ ኬሚስት ናቸው፤ ነገሩን ለማብረድ ሞክረዋል። የኬሚካል ግራውት መጥፎ ስም ያተረፈው በአብዛኛው በአክሪላማይድ ምክንያት እንደሆነ አስረዱ። ጃፓን ውስጥ በፉኩኦካ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1974 አክሪላማይድ የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ገብቶ ሰዎችን ከመረዘ በኋላ አገሪቱ በዚያው ዓመት ባወጣችው መመሪያ መርዛማ ንጥረ ነገር የሌለበትን የሲሊኬት ግራውት ብቻ ፈቀደች። ስዊድን ውስጥም በሃላንድሶስ ዋሻ ሥራ ላይ እ.ኤ.አ. በ1997 ከአክሪላማይድ የተነሳ ዓሦች ሞቱ፣ ላሞች ሽባ ሆኑ። ሲሊካ ራሱ የአሸዋው ወገን ስለሆነ በዚህ ረገድ አይወዳደርም። 12ኛው ምላሽ ግን እንደገና የ10ኛዋ ጸሐፊ ነበር፤ መርዝ አለመሆን ጉዳት የለሽ መሆን እንዳልሆነ፣ ሶዲየም ሲሊኬት ብርቱ አልካሊ መሆኑን፣ ማርጊያው በልኩ ካልገባ ሳይረጋ የቀረው ቅልቅል የውሃውን ጠባይ እንደሚለውጥ በሰላ ቋንቋ መለሱ። ኬሚስቱም ልክ ናቸው አሉ፤ አክለውም ፓምፕ የሚይዝ ሠራተኛ ያለ መነጽርና ያለ ጓንት ከዚህ ፈሳሽ አጠገብ መቆም እንደሌለበት፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ከባድ ጉዳት እንደሚያደርስ አስጠነቀቁ። እኔም በዚያው ሰዓት ሁለት የመመልከቻ ጉድጓዶች ከሐይቁ ወገን እንደማስቆፍርና የውሃውን ፒኤች፣ ማለትም የአልካሊነቱን ወይም የአሲድነቱን ልክ፣ ከሥራው በፊት፣ በሥራው ወቅትና በኋላ እንደምለካ ቃል ገባሁ።

13ኛው ምላሽ ጃፓን ለትምህርት ከቆዩ እህት መሐንዲስ ነበር፤ ጉዳዩን ወደ ርዕደ መሬት አዞሩት። ልቅ የሆነና በውሃ የተሞላ አሸዋ ሲናወጥ ቅንጣቶቹ መተቃቀፋቸውን ትተው በውሃው ላይ ይንሳፈፋሉ፣ መሬቱም ለጥቂት ጊዜ ፈሳሽ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1995 በኮቤ የወደቡ የተሞላ መሬት እንዲህ ሆኖ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጃፓኖች አሸዋን በሲሊካ ፈሳሽ ማከምን በስፋት ይዘውታል፤ በተለይ አልካሊው የተቀነሰለትን ወይም ኮሎይድ ሲሊካ የሚባለውን፣ ቅንጣቶቹ በናኖ ሜትር የሚለኩና ቅጥነቱ ከውሃ ብዙም የማይለየውን። ዓላማው ድንጋይ ማድረግ አይደለም፤ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ፓስካል የሚሆን መጠነኛ ጥንካሬ ቅንጣቶቹ እንዳይለያዩ ለማድረግ ይበቃል። ምሳሌያቸው የሰንዳይ አውሮፕላን ማረፊያ ነበር፦ እ.ኤ.አ. በማርች 2011 በደረሰው ታላቅ ርዕደ መሬት፣ አስቀድሞ የታከመው የመንደርደሪያው ክፍል ጉልህ ጉዳት ሳይደርስበት ቆመ፣ ያልታከመው ክፍል ግን ሰመጠ። ባለፉት ጊዜያት በፈንታሌ አካባቢ የተከታተለውን መንቀጥቀጥ አስታውሰው፣ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳር የሚገነባ ሰው ይህንን ሳያስብ ማደር እንደሌለበት ጻፉ።

14ኛው መላሽ ይህ ሁሉ ጥቅም ካለው ለምን በየቦታው አይሠራም ብለው ጠየቁ፤ 15ኛው መላሽ በስሌት መለሱላቸው። የኔን ጉዳይ ወስደው፣ ግድግዳው 14 ሜትር ርዝመት፣ የሚታከመው ወርድ 1.2 ሜትር፣ ጥልቀቱ 3 ሜትር ቢሆን ድምሩ 50 ሜትር ኩብ እንደሚሆን አሳዩ። ከዚህ ውስጥ 38 በመቶ ያህሉ ባዶ ቦታ ቢሆን 19 ሜትር ኩብ ግራውት ያስፈልጋል፤ ግማሹ ሲሊኬት ከሆነ 13 ቶን ገደማ ነው። ይህ ለአንድ ጎረቤት ግድግዳ ብቻ ነው። 16ኛው ምላሽ ደግሞ ይህንንም አረመ፦ ዳር ዳር የሚባክነው፣ ከቧንቧ ቧንቧ የሚደራረበው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በሐዋሳ አሸዋ ውስጥ የሚገኘው ቀላሉ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ፑሚስ የሚባለው፣ በራሱ ውስጥ ያሉት ቀዳዳዎች የሚውጡት ግራውት አልተቆጠረም።

ከሁሉም ያስደነገጠኝና አቅጣጫዬን የቀየረው 17ኛው ምላሽ ነው። ጸሐፊው በስምጥ ሸለቆ የውሃ ጉድጓዶች ላይ የሠሩ የከርሰ ምድር ውሃ ባለሙያ ናቸው። የሸለቆው ከርሰ ምድር ውሃ በአብዛኛው ሶዲየምና ባይካርቦኔት የበዛበት መሆኑን አስታወሱ። ሶዲየም ባይካርቦኔት ደግሞ፣ ቤት ውስጥ ለዳቦ የምንጠቀምበት ሶዳ ማለት ነው፣ ራሱ ለሲሊኬት ከሚያገለግሉ ማርጊያዎች አንዱ ነው። በጉድጓድ ውሃ ውስጥ ያለው መጠን ብቻውን ሲሊኬቱን ባያረጋውም የመርጊያ ጊዜውን ሊያዛባው ይችላል። በፋብሪካ ወረቀት ላይ የተጻፈው ደቂቃ የተለካው በንጹህ ውሃና በአውሮፓ ክፍል ሙቀት ነው፤ ሐዋሳ ላይ በእኩለ ቀን ፀሐይ የተቀመጠ በርሜልና ከጉድጓዱ የተቀዳ ውሃ ሌላ ደቂቃ ይሰጣሉ። ስለዚህ ሙከራው በቦታው ውሃ፣ በቦታው አሸዋና በቦታው ሙቀት ካልተሠራ ምንም እንደማይነግረኝ አሳሰቡ። ይህ ነገር በየትኛውም መመሪያ ላይ በዚህ መልኩ ተጽፎ አላየሁም።

18ኛው ምላሽ ለእኔ የተጻፈ ተግሣጽ ነበር። ጋሼ ተመልሰው መጥተው፣ ስለ ኬሚካል ቅንጣት በናኖ ሜትር እየተወያየን ሳለ የአንዲት እናት ግድግዳ ያለ ድጋፍ እንደቆመ ማንም እንዳላስታወሰ ጻፉ። አሸዋ ላይ ከሰው ቤት አጠገብ ያለ መደገፊያ መቆፈር ከመጀመሪያው የመሐንዲሱ ጥፋት መሆኑን፣ ግራውት ለዚህ ጥፋት መሸፈኛ ሊሆን እንደማይገባ፣ አሁኑኑ ጉድጓዱን በአሸዋ ጆንያ ሞልቼ ግድግዳውን በእንጨት ደግፌ ከዚያ በኋላ እንድጠይቅ አዘዙኝ። ቃሉ ከባድ ነበር፤ ሐሰት ግን አልነበረበትም። በ19ኛው ምላሽ ጥፋቱን ተቀብዬ፣ በማግስቱ ጠዋት 180 ጆንያ አስሞልቼ ወደ ግድግዳው ወገን ማስደርደሬን፣ ሦስት የባሕር ዛፍ መደገፊያ ማስቆሜን፣ በስንጥቁ ላይም ስንጥቁ ቢሰፋ የሚሰበር የጂፕሰም ማኅተም አድርጌ ቀን መጻፌን አሳወቅሁ። አዛውንቷ ጎረቤታችን በሩ ላይ ቆመው ሲያዩን ውለው ነበር። ማታ ላይ ለሠራተኞቹ ቡና አፍልተው ጠሩን፤ ቤታቸውን የሰነጠቅነው እኛ ሆነን ሳለ።

ከ20ኛው እስከ 24ኛው ያለው ክፍል ስለ ዕድሜ የተነሳ ክርክር ነው። ከዱባይ የጻፉ ወንድም በባሕረ ሰላጤው የከርሰ ምድር ውሃ ጨዋማ ስለሆነ ኮሎይድ ሲሊካ ሳይሰራጭ ቶሎ እንደሚረጋባቸው ተናገሩ። ከዚያ ሁለት መላሾች ተጋጩ፤ አንዱ የሲሊኬት ጄል ከጊዜ ጋር ውሃውን እያላበ እንደሚኮማተር፣ በሚንቀሳቀስ ውሃ ውስጥም እየታጠበ ስለሚያልቅ ከጊዜያዊ ሥራ ውጭ መታሰብ እንደሌለበት ጻፉ፤ ሌላው ይህንን የድሮ ወሬ አድርገው አጣጣሉት፣ ቀጥለውም ያላግባብ ወደ ግለሰቡ ትምህርት ደረጃ ተሻገሩ። የመድረኩ አስተባባሪ ገብተው ገሠጿቸው። ከዋሽንግተን የጻፉት የ24ኛው ምላሽ ባለቤት ያስታረቋቸው በምሳሌ ነው። በዚያች ከተማ የምድር ውስጥ ባቡር ዋሻዎች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ማብቂያ አሸዋ ውስጥ ሲቆፈሩ ሲሊኬት ሥራ ላይ ውሎ ነበር፤ ነገር ግን እዚያ የተፈለገው አሸዋው ቋሚው የዋሻ ግድግዳ እስኪቆም ድረስ እንዳይናድ ብቻ ነው። ጄሉ ምን ያህል ይኖራል ብሎ ከመጠየቅ በፊት ምን ያህል እንዲኖር ይፈለጋል ብሎ መጠየቅ እንደሚቀድም ጻፉ። ተራው ሲሊኬት ለወራት፣ አልካሊው የወጣለት ሲሊካ ለዓመታት የሚታሰብ መሆኑን ሁለቱም ተከራካሪዎች አልካዱም።

25ኛው ምላሽ እንደገና ጃፓን የተማሩት የ13ኛዋ መሐንዲስ ነበር፤ በጣም አጭር ስለሆነ እንዳይታለፍ እፈራለሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 በቶኪዮ ሃኔዳ አውሮፕላን ማረፊያ፣ በመንደርደሪያ ሥር ሲሊካ ያስገባ ሥራ ተቋራጭ ከታቀደው መጠን 5 በመቶ ገደማ ብቻ አስገብቶ መዝገቡን እንዳጭበረበረ ራሱ አመነ። ከላይ የሚታይ ነገር አልነበረም፣ አስፋልቱም እንደነበረ ነው። ይህ የሆነው ዘዴውን ከማንም በላይ በሚያውቅ አገር ነው። ከዚህ በመነሳት 26ኛው መላሽ የአሠራሩን ዝርዝር ሰጡኝ። በየ33 ሴንቲ ሜትሩ ቀዳዳ ያለውና ቀዳዳው በላስቲክ እጅጌ የተሸፈነ ቱቦ፣ እ.ኤ.አ. በ1933 ፈረንሳይ ውስጥ የተፈለሰፈው፣ መሬት ውስጥ ይተከላል፤ ከውስጡ በሁለት ወገን የሚዘጋ መሣሪያ ወርዶ አንዱን እጅጌ ብቻ እየነጠለ ግራውቱን ይገፋል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ጥልቀት ስንት ሊትር እንደገባ ይታወቃል፣ ካልበቃም ወደዚያው እጅጌ መመለስ ይቻላል። ግፊቱ እንዲያንስ አስጠነቀቁ፤ በአሜሪካ የቆየው የልምድ ልክ ለአንድ ሜትር ጥልቀት 0.2 ባር ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ከተገፋ ግራውቱ በቅንጣቶቹ መካከል መስረጉን ትቶ መሬቱን ሰንጥቆ ይሮጣል፣ የጎረቤትን ወለልም ሊያነሳ ይችላል። ሊትሩን፣ ግፊቱንና ሰዓቱን የሚመዘግበው ሰው ከተቋራጩ ደመወዝ የማይቀበል እንዲሆንም አሳሰቡ።

27ኛው ምላሽ የኔ ነው። የ17ኛውን መላሽ ምክር ይዤ ቀላል ሙከራ ሠራሁ። ሁለት የሃይላንድ ጠርሙሶችን ግርጌያቸውን ቆርጬ፣ አፋቸውን በሻሽ አስሬ፣ ዘቅዝቄ አቆምኩ። አንዱን ከ2 ሜትር ጥልቀት በወጣ አሸዋ፣ ሌላውን ከ3.5 ሜትር በወጣው ሞላሁና ከጉድጓዱ በቀዳሁት ውሃ አራስኳቸው። በውሃ የቀጠነ ሲሊኬትን ከሶዳ ውሃ ጋር ቀላቅዬ ከላይ ቀስ ብዬ አፈሰስኩ፤ ይህ ማርጊያ የሚሰጠው ጄል ደካማ ስለሆነ ዓላማዬ መስረጉንና የመርጊያ ጊዜውን ማየት እንጂ ጥንካሬ መለካት አልነበረም። በመጀመሪያው ጠርሙስ ውስጥ ቅልቅሉ ከአራት ደቂቃ በኋላ ከሥር በሻሹ በኩል መንጠባጠብ ጀመረ። በሁለተኛው ላይ ግን ከአሸዋው በላይ ተኝቶ ቀረ፤ ወደ ታች የወረደው ሁለት ጣት ያህል ብቻ ነው፣ እዚያው እንዳለም ረጋ። በማግስቱ ፕላስቲኩን በቢላዋ ስገፍፍ የመጀመሪያው አሸዋ እንደ ሻማ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ የጉድጓዱ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ ሦስት ቀን ቆይቶም አልተናደም። ሁለተኛው ገና ፕላስቲኩ ሲላቀቅ ፈረሰ። በሌላ ኩባያ ያንኑ ቅልቅል አንድ ጊዜ በታሸገ ውሃ፣ አንድ ጊዜ በጉድጓዱ ውሃ በጥብጬ ነበር፦ የመጀመሪያው በ41 ደቂቃ፣ የጉድጓዱ በ33 ደቂቃ ረጋ።

ከላቦራቶሪ የተመለሰው የወንፊት ውጤት ምክንያቱን ነገረን። እስከ 3.1 ሜትር ያለው አሸዋ ከ0.075 ሚሊ ሜትር የሚያንስ ደቃቅ ያለበት 8 በመቶ ነው። ከዚያ በታች 70 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚወፍር ንብርብር 29 በመቶ ደቃቅ አለበት። 28ኛው መላሽ፣ ያው የ3ኛው ምላሽ ባለቤት፣ ደቃቁ ከ12 በመቶ በታች ከሆነ የኬሚካል ግራውት በቀላሉ እንደሚገባ፣ ከ25 በመቶ ካለፈ ግን እንደማይገባ የሚለውን የተለመደ ልክ አስታውሰው፣ ጠርሙሶቼ ያሳዩት ይኸው መሆኑን አረጋገጡልኝ። ሲሊኬት ሁሉን አሸዋ ይገባበታል ያልኩት ነገር በዚያ 70 ሴንቲ ሜትር ላይ ወደቀ። ሪፖርቱ ሁለቱንም ልቅ ቡናማ አሸዋ ብሎ በአንድ ስም ነበር የጠራቸው።

29ኛው ምላሽ የጋሼ ነበር፤ አሁን ድምፃቸው ለስልሷል። የማይገባበትን ንብርብር በግፊት ለማስገባት መሞከር ግድግዳውን ማንሳት ስለሆነ፣ ወደዚያ ጥልቀት መውረድ ግድ መሆን አለመሆኑን ከባለቤቱ ጋር እንድነጋገርበት መከሩኝ። ተነጋገርኩ። የምድር ቤቱ ወለል ከፍ ብሎ ቁፋሮው 2.5 ሜትር ላይ፣ ከውሃው በላይ እንዲቆም ተስማማን። የሚታከመው ከድንጋይ መሠረቱ ግርጌ እስከ 3.1 ሜትር ያለው ንጹህ አሸዋ ብቻ ሆነ፤ የግራውቱ መጠን ከ19 ወደ 13 ሜትር ኩብ ገደማ ወረደ። ማርጊያውም ከሶዳ ኤስተር ወደሚባለው የኬሚካል ዓይነት ተለወጠ፤ ጄሉም የኮንክሪቱ ግድግዳ በአጭር በአጭር ክፍል ተሠርቶ እስኪያልቅ ድረስ ብቻ እንዲያገለግል ታስቦ ነው። የመመልከቻ ጉድጓዶቹ ተቆፍረዋል፣ የመጀመሪያው የፒኤች ንባብም ተመዝግቧል፤ ቁጥሩን ለ10ኛዋ ጸሐፊ በ30ኛው ምላሽ ላይ ለጥፌላቸዋለሁ፣ በየሳምንቱም እንድለጥፍ ጠይቀውኛል። በስንጥቁ ላይ ያለው የጂፕሰም ማኅተም እስከ ትናንት ማታ አልተሰበረም።

31ኛው ምላሽ ትናንት ሌሊት የገባ ነው። ዝዋይ አጠገብ የሚሠራ አንድ ወጣት መሐንዲስ የአሸዋውን ፎቶ ለጥፎ፣ እርሱም ሲሊኬት ሊጠቀም ማሰቡንና ስንት በርሜል ማዘዝ እንዳለበት ይጠይቃል። የወንፊቱን ውጤት በየግማሽ ሜትሩ እንዲልክልኝ፣ ከራሱ ጉድጓድም አንድ ጀሪካን ውሃ ቀድቶ እንዲያስቀምጥ ጻፍኩለት።